ወረፋ ድሮ ቀረ!

ሰው ለመዝናናት ፈተና ሲቀመጥ ያየሁት በዚህ ዘመን ነው። እኔ የአሜሪካ ዜግነት ስወስድ ያጠናሁት መቶ ጥያቄ ነበር፤ ጥቂቱን ጠየቁኝ፣ እጄን አስነሥተው አስማሉኝ፣ አለቀ። ልጄ ቤተሰቡን ይዛ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለመሄድ የምታጠናው ግን ማለቂያ የለውም። የትኛው ፓርክ በየትኛው ቀን፣ የትኛው መጫወቻ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ምግብ ቤት በማን ስልክ፣ ዝናቡ መቼ፣ የሕፃኗ እንቅልፍ መቼ፤ ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ በሠንጠረዥ ደርድራ ቀለም ትቀባዋለች። እኔም ሠንጠረዡ ውስጥ አለሁ። ቀለሜ ግራጫ ነው። ከፊት ለፊቴ የተጻፈው «አባዬ፦ ወንበር» ይላል።

ከፓርክ ጋር ጠብ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ብዙ ነገርም ተበላሽቷል፤ የሚያናድደኝ የተሻሻለውና የተበላሸው በአንድ ትኬት መሸጡ ነው። «ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ብልጥ ሽማግሌም እንደዚያው ነውና እኔም የሰጡኝን እየበላሁ ላልቅስ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ እቆጥርላችኋለሁ፤ በእኛ ከቆጠርኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ስለምሆን ምሬቴን የሚሰማኝ አላገኝም።

በእኛ ጊዜ ዝግጅት ማለት የመኪናውን ዘይትና የጎማውን ንፋስ ማየት ነበር። እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ ሁለት ቦታ ትሠራለች። ፈቃድ የተገኘ እንደሆነ ዓርብ ማታ ልጆቹን ከነፒጃማቸው የኋላ ወንበር ላይ ደርድረን መንገድ እንገባለን። እሷ የድርቆሽ ፍርፍሩን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ የተቀቀለውን እንቁላልና በወረቀት የጠቀለለችውን ሚጥሚጣ ትይዛለች፤ እኔ የጥላሁን ገሠሠን ካሴት እይዛለሁ። ዘጠና አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ቨርጂኒያን ጨርሶ፣ ሁለቱን ካሮላይናዎች አቋርጦ፣ ጆርጂያን አልፎ ፍሎሪዳ እስኪያገባን ሌሊቱ ይነጋል፤ ቀኑም ይጋመሳል። ሳውዝ ካሮላይና መግቢያ ላይ «ሳውዝ ኦፍ ዘ ቦርደር» የሚባል፣ የማማው አናት ላይ ትልቅ የሜክሲኮ ባርኔጣ የደፋ ማረፊያ አለ። ማስታወቂያው ገና ከሩቅ ጀምሮ በየመንገዱ ዳር ተተክሎ ልጆቹን ያሳብዳቸዋል። «ደረስን ወይ?» «አልደረስንም።» «አሁንስ?» «ዝም በሉ፣ ጥላሁን ይዘፍናል።» ቫኬሽኑ የሚጀምረው ከቤታችን በር ነበር።

ዛሬ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ምናምን ነው። የልጅ ልጆቼ ጆሯቸውን ደፍነው ታብሌታቸው ላይ ያፈጣሉ። ማንም «ደረስን ወይ?» አይልም፤ መነሣታችንን ያወቀ የለማ!

እሺ፣ ደረስን እንበል። ድሮ በሩ ላይ መስኮት አለ፤ መስኮቱ ውስጥ ሰው አለ፤ ገንዘብ ትሰጡታላችሁ፣ ትኬት ይሰጣችኋል፣ ትገባላችሁ። ኢሜሌን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ኢሜልም አልነበረኝም። ዋጋውንማ አታንሡት። ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን ፓርኩን በ1955 ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ላይ ሲከፍት የአዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር። የኦርላንዶው በ1971 ሲከፈት 3 ዶላር ከ50 ሆነ። ለየመጫወቻው ደግሞ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ፊደል የተጻፈበት ኩፖን ይቆረጥ ነበር፤ ሕዝብ የሚሻማበት የ«ኢ» ኩፖን 90 ሳንቲም። ዋልት የኦርላንዶውን አላየም፤ በ1966 ሞቷል። ሥራውን ከዳር ያደረሰውና የሟቹን ሙሉ ስም በር ላይ ያስጻፈው ታላቅ ወንድሙ ሮይ ነው፤ ፓርኩ በተከፈተ በሦስተኛው ወር እሱም ሞተ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው። የእኔ ወንድም ስሜን የሚያነሣው ገንዘብ ሲያጥረው ነው።

በ1982 ኩፖኑ ቀርቶ ለቀኑ 15 ዶላር የከፈለ ሁሉ እስኪመሽ እንዳሻው የሚጫወትበት ትኬት መጣ። እኔ የደረስኩት በዚህኛው ዘመን ነው፤ ደግ ዘመን። ከዚያ ዋጋው በየዓመቱ ሽቅብ ወጣ፤ እሱስ ይሁን፣ ጤፍም ወጥቷል። በ2018 ግን ትኬቱ እንደ ቀኑ ይለያያል ተባለ፤ ሰው በበዛበት ቀን ውድ፣ ባነሰበት ቀን ረከስ ያለ። በ2022 የገና ሰሞን ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ፣ ማጂክ ኪንግደም፣ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን 189 ዶላር ገባ። እኔ ታክሲ ስነዳ፣ ዲሲ ውስጥ እስከ 2008 ድረስ ዋጋ በዞን ነበር። ዝናብ ስለዘነበ ብዬ ተሳፋሪውን እጥፍ ብጠይቀው የታክሲዬን ቁጥር ጽፎ ይከሰኝ ነበር። ዛሬ ይህን የሚያደርገው ኮምፒውተር ስለሆነ የሚከሰስ ሰው ጠፋ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የዕድሜው ነገር ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው በነፃ ይገባል፤ እሰየው። ዐሥር ዓመት የሞላው አዋቂ ነው ተብሎ ሙሉ ዋጋ ይከፈልለታል። የጫማውን ክር ማሰር የሚሰንፈው የልጅ ልጄ አዋቂ! እኔ ደግሞ ጉልበቴ አልታጠፍ ያለኝ፣ ሐኪም ሮለር ኮስተር የከለከለኝ ሰው፣ ከአዋቂው እኩል እከፍላለሁ። ለሽማግሌ ቅናሽ የሚባል ነገር የለም። ሲኒማ ቤቱ ይቀንስልኛል፣ አውቶቡሱ ይቀንስልኛል፣ ፀጉር ቆራጬ እንኳ «ጋሼ፣ የሚቆረጥ ምን አለና» ብሎ ይቀንስልኛል። ሠንጠረዡ ላይ «አባዬ፦ ወንበር» የተባለው ወንበር እንግዲህ በቀን የዚህን ያህል ዋጋ ያወጣል። ሳሎኔ ውስጥ ያለውን ሶፋ የገዛሁት ከዚያ ባነሰ ነው፤ አሥር ዓመት ተቀምጬበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ምሬቴ ልግባ፤ ወደ ወረፋው።

የእኔ ዘመን የአዲስ አበባ ሰው ስለ ወረፋ አይመከርም። የስኳር ወረፋ፣ የሳሙና ወረፋ፣ የዳቦ ወረፋ፣ የቤንዚን ወረፋ፤ በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ድንጋይ አስቀምጠን «ይህቺ የእኔ ናት» ብለን ቁርስ በልተን እንመለስ ነበር። ድንጋይዋን የነካት ሰው ለሽምግልና ይቀርባል። ስንቆም ውለን፣ ጉዳይ ተወርቶ፣ ለቅሶ ተነግሮ፣ ሰርግ ተጠርቶ፣ ልክ ተራችን ሲደርስ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን ብቅ አድርጎ «አልቋል!» ይላል። ከዚያ አገር የመጣ ሰው ኦርላንዶ ሲደርስ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ያንን ሁሉ ሰዓት ቆመህ፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ጀልባ ቀርቦ ይጠብቅሃል! «የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች» የሚባለው መጫወቻ አላለቀም። የጠፈሩ ተራራ አላለቀም። በዕድሜዬ «አልቋል» ያልተባልኩበት የመጀመሪያው ወረፋ የዚያ ፓርክ ነው፤ በዚያው ወደድኩት።

ደግሞ እኩል ነበርን። ከፊቴ ሐኪም ከነሚስቱ፣ ከኋላዬ ፓርኪንግ የሚሠራ የሀገሬ ልጅ ከነእናቱ። የሐኪሙ ልጅ ያለቅሳል፣ የእኔም ያለቅሳል። ያለው ቶሎ አይገባም፣ የሌለው አይዘገይም። አሜሪካ ውስጥ ባንክ፣ ሆስፒታልና አውሮፕላን ሰውን በየኪሱ ይለያሉ፤ ያ ወረፋ ግን አይለይም ነበር።

በ1999 ፋስት ፓስ የሚባል የወረቀት ቁራጭ መጣ። ከማሽን ታወጣለህ፣ በተጻፈልህ ሰዓት ተመልሰህ በአጭሩ መስመር ትገባለህ። ነፃ ነው፣ ለሁሉም ይደርሳል፤ ፈጣን እግር ያለው የቤተሰብ አባል ትኬቱን ሁሉ ሰብስቦ ሲሮጥ ታያላችሁ። በእኛ ቤት ሯጩ ትልቁ ልጄ ነበር፤ ኢትዮጵያዊነቱ የታየው ያኔ ነው። ከዚያ በ2013 እጅ ላይ የሚታሰር አምባር መጣ። ከዚያ በ2021 ነገሩ ወደ ስልክ ገባና ለሰው በቀን 15 ዶላር ተባለ። በ2024 ደግሞ ላይትኒንግ ሌን ተብሎ ስሙ ተቀየረና በዚያው ዓመት በዋና ዋናዎቹ መጫወቻዎች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ የሚያሳልፍ፣ በተጨናነቀ ቀን እስከ 449 ዶላር የሚያወጣ ማለፊያ ተጨመረበት። ልብ በሉ፤ ይህ ከመግቢያው ትኬት ላይ ነው። መግቢያው ወረፋ ለመቆም ነው፤ ሌላው ላለመቆም ነው።

በቀበሌያችንም በጓዳ በር ገብተው ስኳር የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። ግን ሲመሽ ነው የሚመጡት፤ ዘንቢላቸውን ነጠላ ውስጥ ደብቀው፣ ግድግዳ ታክከው። ጎረቤት ያያቸው እንደሆነ ለሳምንት በዚያ ሰፈር አያልፉም። የዛሬዎቹ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ አይስክሬም እየላሱ፣ በጎናችን ያልፋሉ፤ በር ላይ የቆመችው ልጅ ፈገግ ብላ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ትላቸዋለች። ደረሰኝም አላቸው። ያኔ ነውር ነበር፤ አሁን አገልግሎት ነው። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ እጄን ጎተት አድርጋ «አባባ፣ እነሱ ለምን ያልፋሉ?» አለችኝ። ምን ልበላት? «የቀበሌ ሊቀ መንበሩ ዘመዶች ናቸው» አልኳት። አልገባትም፤ እናቷ ግን ገብቷት ፊቷን አዞረች።

እናቷማ ለምን አታዞር? እሷም ከፍላለች! ፓርኩ ግቢ ሆቴል ያረፈ ሰባት ቀን ቀድሞ፣ ያላረፈ ሦስት ቀን ቀድሞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ መጠበቅ አለበት። እንግዲህ የእኔ ልጅ፣ ለዩኒቨርሲቲ ፈተና በማንቂያ ደወል ያልተነሣች፣ ለሚኪ ማውስ በጠዋት ተነሥታ ጣቷን ስልኩ ላይ ደግና ትጠብቃለች። ባሏ በሌላ ስልክ፣ ትልቁ ልጇ በሌላ ስልክ። ወረፋ ቀረ ያላችሁ ማን ነው? ወረፋው ከእግር ወደ ጣት ወጣ እንጂ አልቀረም።

የተሰረቅነው ግን ሌላ ነው። ድሮ ወረፋ ላይ ሥራ ስለሌለ ሰው ያወራ ነበር። እኔ ለልጆቼ የዘር ሐረጋቸውን የቆጠርኩላቸው እዚያ ነው። አባቴን፣ አያቴን፣ በቅሎ አስጠፍቶ ሁለት ክረምት ከቤት የጠፋውን ቅድመ አያቴን፤ ብረት አጥሩን እየታከክን፣ አንድ እርምጃ አንድ ትውልድ እያልን። ቤት ውስጥ ብጀምርላቸው ቴሌቪዥኑን ያያሉ፤ እዚያ ወዴት ይሄዳሉ? ከፊት ሰው፣ ከኋላ ሰው። ባለቤቴም ወረፋ ላይ ያገኘቻት ጎንደሬ ሴት እስከ ዛሬ ድረስ ክርስትና እናታችን ናት። ዛሬ ወረፋ ላይ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ የሚቀጥለውን ወረፋ ይፈልጋል። ቅድመ አያቴን ልጀምር ስል «አባዬ፣ ቆይ አንዴ፣ ሰዓት ተለቀቀ» ትለኛለች። በቅሎዋ እንደጠፋች ቀረች።

አሁን ደግሞ ሚዛኑ እንዳይዛባ የተሻለውን ልንገራችሁ፤ እውነት ሲነገር ሽማግሌ ያምርበታል።

ሲጋራው ቀርቷል። ድሮ በዚያ የፍሎሪዳ ሙቀት ከፊታችሁ የቆመው ሰው ያጨሳል፤ ልጁን በአንድ እጅ፣ ሲጋራውን በሌላ እጅ። በ2019 ከፓርኮቹ ውስጥ ጨርሶ ተከለከለ። ውሃም አለ፤ ፈጣን ምግብ መሸጫው ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁ በረዶ ያለበት ውሃ በብርጭቆ በነፃ ይሰጧችኋል። ይህን የማያውቅ ሰው ጠርሙስ በጠርሙስ ሲገዛ ሳይ አንጀቴ ይላወሳል፤ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ ልጄ «አባዬ፣ ሰው አታስቸግር» ትለኛለች። ጉልበቱ ለደከመም በባትሪ የሚነዳ ወንበር ይከራያል። ሦስት ጎረምሶች በእግራቸው ሲያልፉኝ ጥሩምባውን ነፍቼ አልፌአቸዋለሁ። የታክሲ ሙያ አይረሳም።

ባለቤቴ ደግሞ ነሐሴ ላይ ፍልሰታን ትጾማለች። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሰመር ስለሆነ ጉዟችን ብዙ ጊዜ ከጾሙ ጋር ይጋጫል። በዚያ ዘመን ለጾመኛ የሚሆን ምግብ ድንች ጥብስ ነበር። ነገ ምን አለ? ድንች ጥብስ። ከነገ ወዲያስ? ሰማዕትነት። ልጆቹ ክንድ የሚያህል የተርኪ ጭን ሲግጡ እሷ ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ እያወጣች ትቆረጥማለች። ከ2019 ወዲህ በየምግብ ቤቱ ከሥጋና ከወተት ነፃ የሆነው ምግብ በቅጠል ምልክት ይታያል። እሷ አሁን ቅጠሏን ፈልጋ፣ ምስር ያለበትን ሳህን አዝዛ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ትመርቃቸዋለች። ምግብ ከውጭ ማስገባትም ይፈቀዳል፤ የመስታወት ዕቃና የአልኮል መጠጥ ካልሆነ። ፍተሻ ላይ የቆመው ወጣት ዳቦ ቆሎውን ከፍቶ አየና «ምንድን ነው?» አለ። ባለቤቴ ዘገነችለት። ሥራ ላይ ስለሆነ አልበላም፤ ዓይኑ ግን ቀርቷል።

አንድ ሌላ መልካም ነገር ልጨምር። ልጄ ትንሽ ሳለች የሚያቅፏት ልዕልቶች ሁሉ ፀጉራቸው ወርቅ፣ ቆዳቸው ወተት ነበር፤ እሷም አንድ ሰሞን ቢጫ ፎጣ ራሷ ላይ አስራ ቤት ውስጥ ትዞር ነበር። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ስፕላሽ ማውንቴን የሚባል የውሃ መጫወቻ ነበር፤ የተሠራው ጥቁሮችን አሳምሮ ባላሳየ በ1946 በወጣ ፊልም ተረት ላይ ነው። በ2023 መጀመሪያ ተዘጋና በ2024 በቲያና ስም ተከፈተ፤ ቲያና ማለት በ2009 የመጣችው የዲዝኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት ናት። አንዳንዱ አሜሪካዊ ሽማግሌ «የድሮውን አፈረሱብን» ብሎ አምርሯል። እኔ የማማረር ሱሰኛ ሆኜ ሳለ እዚህ ላይ አላግዘውም። የልጅ ልጄ ፎጣ አልፈለገችም።

ስለ እኛ አህጉር ግን ዝም አልልም። ኤፕኮት በሚባለው የዲዝኒ ወርልድ ፓርክ ውስጥ ሐይቅ ዙሪያ አሥራ አንድ አገሮች ተሠርተዋል፤ ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት። ለምድር ወገብ አፍሪካ የታሰበ ቦታ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ኖርዌይን አልፎ፣ ቻይናን ጎብኝቶ፣ «የእኛስ?» ለሚሉት የልጅ ልጆቹ መልስ ያጣል። በ1998 በተከፈተው ሌላው ፓርክ፣ አኒማል ኪንግደም፣ ደግሞ ሐራምቤ የሚባል በካርታ ላይ የሌለ የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ አለ። ጎበዝ! ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ ቆርቆሮው ዝጓል፤ ሁሉም ሆን ተብሎ፣ በባለሙያ፣ በብዙ ገንዘብ። አጠገቤ ያለው ፈረንጅ ስንጥቁን በጣቱ እየዳሰሰ «እንዴት ያምራል!» ይላል። እኔ ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር እንዲህ ያለ ግድግዳ በነፃ ነበር። እናቴ በየመስከረሙ ስንጥቁን በጭቃ ለመድፈን የደከመችውን ድካም ሳስብ እግዜር ይማራት እላለሁ፤ ሀብት ላይ ጭቃ ስትለጥፍ ኖራለች።

ይህን ሁሉ አልፌ የማርፍበት ቦታ አለኝ። ሠንጠረዡ «ወንበር» የሚለው ይህንኑ ነው። በ1964 ለኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ተሠርቶ በ1975 ኦርላንዶ የተተከለ፣ የዕድገት ካሩሰል የሚባል ቲያትር ቤት አለ። ወንበሩ ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ቤቱ ራሱ ከነተመልካቹ ይዞራል። ቀዝቃዛ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ነው፣ አያንቀጠቅጥም። በማሽን የሚንቀሳቀስ አንድ ቤተሰብ ከመብራት በፊት ጀምሮ በየዘመኑ ኑሮው እንዴት እንደቀለለለት ይተርካል። መጨረሻው ላይ፣ በእነሱ ቤት «የወደፊቱ ዘመን» ሲደርስ፣ በድምፅ የሚታዘዝ ምድጃ አለ። አያትየዋ በጌም ያገኙት ነጥብ 975 ሲባል ምድጃው ሰምቶ ሙቀቱን 975 ያደርገውና የገናው ተርኪ ከሰል ይሆናል። በየቤታችን ከሚያወራው ዕቃ ጋር እንደምንጣላ ከሠላሳ ዓመት በፊት ነግረውን ነበር፤ ማን ሰማ?

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። ያቺ ቤት ወረፋ የላትም፤ ወረፋ ስለሌላት ማለፊያ አይሸጥባትም፤ ማለፊያ ስለማይሸጥባት አፑም ብዙ አያነሣትም። ስለዚህ በዚያ ፓርክ ውስጥ ሀብታምና ድሃ እኩል የሚያንኮራፋባት ቦታ እሷ ሆና ቀረች።

እንዲህ ያለው ቦታ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ማጂክ ኪንግደም መካከል ወንዝ ነበር፤ የእንፋሎት መርከብ ይዞርበታል፤ መሐሉ ላይ የቶም ሶየር ደሴት አለች፤ ልጆች ዋሻ ለዋሻ ይሯሯጣሉ፣ አባቶች ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በ2025 ጁላይ ላይ ተዘጋ። ወንዙ ደርቆ «ካርስ» በሚባለው ፊልም የመኪና መጫወቻ ይሠራበታል። ዕድሜዬን በሙሉ መሪ ይዤ ኖሬ፣ ከመኪና ወርጄ ወንዝ ዳር ልቀመጥ ስል ወንዙን አድርቀው መኪና አመጡልኝ!

ወደ ቤታችን አቅራቢያም ስንመጣ ያው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ነበር። አውሮፕላን የለ፣ ሆቴል የለ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ ማታ እቤት መተኛት። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ልጁን «ወሰድኩህ» የሚልበት ፓርክ እሱ ነበር። ኖቬምበር 2 ቀን 2025 የመጨረሻ ቀኑ ሆነ። አሁን የቀረው ወይ ወደ ቨርጂኒያ ወርዶ ኪንግስ ዶሚኒየን፣ ወይ እንደ እኛ ሠንጠረዥ አስይዞ ኦርላንዶ ነው። ኦርላንዶ ከተባለ ደግሞ የሆቴሉ ጣጣም አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆቴል ለመዋኛ ገንዳው በየቀኑ ክፍያ ደመረብን፤ ገንዳው ግን ለጥገና ደርቋል። ስንጠይቅ «ክፍያው ለማየትም ነው» ሊሉን ምንም አልቀራቸው።

ታዲያ አልሄድም ወይ? እሄዳለሁ! ለመጪው ሰመር ተቆርጧል። እኔ ካልሄድኩ ማን ያማርርላቸዋል? ግን ዘንድሮ ቅድመ ሁኔታዬን በወረቀት ጽፌ ለልጄ ሰጥቻለሁ። አንደኛ፣ ዐሥር ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ በአዋቂ ዋጋ ስለሚገባ የአዋቂ ሥራ ይሥራ፤ የዳቦ ቆሎውን ቦርሳ እሱ ይሸከም። ሁለተኛ፣ የምትዞረው ቤት ውስጥ ስተኛ የቀሰቀሰኝ ሰው የእራት ሂሳብ ይከፍላል። ሦስተኛ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሁላችንም በአንድነት፣ በተራው ሕዝብ ወረፋ እንቆማለን፤ ማለፊያ የለም፣ ስልክ ሁሉ የባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ይቆለፋል።

ልጄ አነበበችው፣ ሳቀች፣ ሁሉንም ተቀበለች። «ግን አባዬ፣ አጭሩ ወረፋ የትኛው እንደሆነ አስቀድሜ አፑ ላይ ልየው» አለችኝ።

«ረጅሙን ፈልጊ» አልኳት። «ገና ከበቅሎዋ አላለፍንም፤ አራት ትውልድ ይቀረኛል።»